እርማት፦ ጭሱ ያለቀ ከሰልም ይገድላል
እህቴ፣ ለጎንደር የታኅሣሥ ብርድ የበሩን ሥር በጨርቅ፣ በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል ያለውን ክፍተት በጭቃ ድፈኑ ማለትሽ ልክ ነው። «ከሰሉ ፍም ከሆነና አጠገቡ ውሃ ከተቀመጠ ዘግቶ መተኛት ይቻላል» ያልሽው ግን ስህተት ነው፤ ብዙ ሰው ያምንበታልና ዝም ማለት አልቻልኩም። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ነው፤ ሽታም ቀለምም የለውም። ጉዳት የሌለው የሚመስለው ቀይ ፍም፣ አመድ የለበሰውም ጭምር፣ ያወጣዋል። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ደግሞ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። የተኛ ሰው ራስ ምታቱ እንኳ ሳይሰማው ሊሞት ይችላል። ውሃው ጋዙን አይመጠውም። እንዲያውም ከሰል ቤት ውስጥ ካለ፣ ክፍተቱ በተደፈነ ቁጥር አደጋው ይብሳል። እባካችሁ፣ ማንደጃው ከመኝታ በፊት ከቤት ይውጣ፤ ለሌሊቱ ጋቢ ደርቡ። ቡና ሲፈላም መስኮቱ ገርበብ ይበል፣ በተለይ ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር ካለች።