እርማት፦ ቴፑ ጠቆረ ማለት ዕቃው ስቴራይል (ከጀርም ሁሉ ነጻ) ሆነ ማለት አይደለም

ወንድሜ፣ «የአውቶክሌቭ ቴፑ መስመር ከጠቆረ የቀዶ ሕክምና ዕቃው ስቴራይል ነው፤ ሌላ ማየት አያስፈልግም» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል፤ ግን ስህተት ነው።

ከጥቅሉ ውጭ የሚለጠፈው ቴፕ የሚነግርህ ጥቅሉ አውቶክሌቭ (ዕቃን በእንፋሎት ሙቀት ከጀርም የሚያጸዳ ማሽን) ውስጥ ገብቶ ሙቀት ማግኘቱን ብቻ ነው። እንፋሎቱ መሃል ድረስ መግባቱን አያሳይም። በተለመደው አውቶክሌቭ የተጠቀለለ ዕቃ በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 30 ደቂቃ ይቆያል። ጥቅሎቹ ተጠቅጥቀው ከተደረደሩ ግን ላዩ ጠቁሮ መሃሉ ሳይደርሰው ሊቀር ይችላል። ጥቅሉ ውስጥ የሚገባው ኢንዲኬተር (እንፋሎት ሲደርሰው ቀለሙን የሚቀይር ምልክት) የተሠራው ለዚህ ነው።

እስቲ አንድ ክላምፕ (መቀስ የሚመስል መቆንጠጫ) አንሳና መጋጠሚያውን ከፍተህ እይ። እዚያች ስንጥቅ ውስጥ የደረቀ ደም ካለ እንፋሎቱ ከሥሩ ያለውን ብረት ላያገኘው ይችላል። ቴፑ ግን እንደ ከሰል ይጠቁራል! ክላምፕ የሚታጠበውም የሚጠቀለለውም ተከፍቶ ነው። እርጥብ ሆኖ የወጣ ጥቅልም ይመለሳል፤ በእርጥብ ጨርቅ ጀርም ያልፋል።

የዓለም ጤና ድርጅት የቀዶ ሕክምና ደህንነት ቼክሊስትም ቆዳ ከመቀደዱ በፊት ነርሷ የኢንዲኬተሩን ውጤት ጭምር እንድታረጋግጥ ይጠይቃል። እባክህ ጽሑፍህን አስተካክለው፤ አዲስ የገቡ ልጆች እያነበቡት ነው።