አሮጌው የዛፍ ግቢ ይቆረጥ ወይስ ይጠገን?

በምሥራቅ ጎጃም፣ በአንዲት ደጋማ ከተማ ዳር፣ ለዘር ምንጭነትና ለማስተማሪያ ተብሎ በየዓይነቱ የተተከለ የዛፍና የቁጥቋጦ ግቢ አርጅቷል። ለክርክር የቀረበው ሐሳብ «ያረጁት ሁሉ ተነሥተው ግቢው በአገር በቀል ዛፎች እንደ አዲስ ይተከል» የሚል ነው። አንዲት የሥነ ሕይወት መምህርት ትደግፋለች፤ በዚያው ግቢ ችግኝ ሲያፈሉ የኖሩ ጡረተኛ ይቃወማሉ።

መምህርቷ፦

ባለፈው ሳምንት ከተማሪዎቼ ጋር ግቢውን ዞርነው። የፈረንጅ ጥዱ ከመጠጋጋቱ የተነሣ ከሥሩ ፀሐይ አይገባም። ዋንዛው ውስጡ ተቦርቡሯል፤ እጄን እስከ ክርኔ ብሰድደው ይዤ የወጣሁት የቡና አተላ የመሰለ ብስባሽ ነው። ስም የተጻፈባቸው ቆርቆሮዎች ዝገው አይነበቡም። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ገብቶ አገሩን ሞልቶታል፤ እኛ ደግሞ ተጨማሪ ግቢ ልንሰጠው አይገባም። ያረጀ ዛፍ ማገዶ ነው። ይነሣና ኮሶ፣ ጥቁር እንጨትና ዝግባ ይተከልበት።

ጡረተኛው፦

«ያረጀ ዛፍ ማገዶ ነው» የሚል ቃል ከመምህርት እጅ ወጥቶ ማንበቤ አሳዝኖኛል። ልጄ፣ ለተማሪዎችሽም እንዲህ ብለሽ ነው የምታስተምሪያቸው? ዕድሜዬን የጨረስኩት ማገዶ ስተክል ነው ማለት ነው? ያ የተቦረቦረ ዋንዛ ዛሬም ነጭ አበባውን ይለብሳል፤ ንቡም አልተለየውም። ባሕር ዛፉ ሥር ጎንበስ ብትዪ ወፍ የጣለው ወይራ ጉልበት ደርሶ ታገኚዋለሽ፤ ማንም አልተከለውም። ትልልቁ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲወድቅ ይህን ይጨፈልቀዋል፤ የተረፈውን ውርጭ ይፈጀዋል። ባሕር ዛፉም ቢቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል እንጂ አይጠፋም። ኮሶ እንደ ሆነ አለን፤ በበሩ አጠገብ ያለው በየዓመቱ ያብባል። ዘሩን ከእሱ እየለቀምን፣ ከሥር ከሥር እየተካን እናድሰው።

መምህርቷ፦

ጋሼ፣ የበሩን ኮሶ ሄጄ አየሁት። ያብባል፤ ዘር ግን አያፈራም። የኮሶ ወንዴና ሴቴ በየራሳቸው ዛፍ ላይ ናቸው። የሴቴዋ ዘለላ ወፈር ብሎ ይቀላል፤ የበሩ ዘለላ ሳሳ ያለ፣ ወደ ብርቱካን ቀለም የሚያደላ ነው። ወንዴ ነው! በግቢው ሌላ ኮሶ የለም። ታዲያ ዘሩን ከየት ሊለቅሙት ነው? አንድ ወንዴ ዛፍ እያየን ስንት ዓመት «ኮሶ አለን» ስንል ኖርን? የጥቁር እንጨት ዘርም ከደረቀ ቶሎ ይሞታል፤ በትኩሱ መዘራት አለበት። «ቀስ እያልን» የሚሉት እናት ዛፎቹ እስኪያልቁ ከሆነ ማደስ አይባልም።

ጡረተኛው፦

ማገዶ ያልሽውን አላነሣሽውም። ሴቴዋ ኮሶ ነበረች፤ ከመጋዘኑ ጀርባ። ዘለላዋ ሲቀላ ሴቶች ለመድኃኒት ከእሷ ይለቅሙ ነበር። አንድ ክረምት «አርጅታለች፣ ትወድቅብናለች» ተባለና ተቆረጠች። ያስቆረጧት የተማሩ ሰዎች ነበሩ፤ ወሬውም ያው ያንቺው ነበር፣ አዲስ እንተክላለን። ተፈልጣ ስትጫን ቆሜ አይቻለሁ። በእሷ ቦታ እስከ ዛሬ ምንም አልተተከለም።

መምህርቷ፦

ይህን ከየት ላውቀው እችል ነበር? በአንድም ወረቀት ላይ የለም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ኮሶዋ ከጮቄ ተራራ ሥር መጣች ወይስ ከሌላ አገር? የዛፍ ስብስብ መነሻው ካልታወቀ ከተራ ጫካ በምን ይለያል? ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ፤ የቢልሃርዝያ በሽታ ተሸካሚዎቹን። ኋላ ከየአካባቢው የተሰበሰበው እንዶድ ሲፈተሽ ጉልበቱ አንድ ሆኖ አልተገኘም፤ ዓይነት 44 የተባለው በለጠ። በእኛ አጥር ላይ የተንጠለጠለው እንዶድ የትኛው ነው? ማን ይነግረኛል?

ጡረተኛው፦

እኔ እነግርሻለሁ። ደብተር አለኝ። ዘሩ ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን አጸድ እንደ ተለቀመ፣ በስንት ቀን እንደ በቀለ፣ የትኛው መደብ ላይ እንደ ተዛወረ በእጄ ጽፌዋለሁ። እንዶዱም አለበት፣ ቀጋውም አለበት። ጡረታ ስወጣ የመጋዘኑን ቁልፍ አስረክብ አሉኝ፤ ደብተሩን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አንቺ ጠይቀሻልና ይዤው እመጣለሁ። መጋዝ ይዘሽ ከጠበቅሽኝ ግን ከበሩ እመለሳለሁ።

መምህርቷ፦

ደብተሩን ይዘው ይምጡ። በእያንዳንዱ ዛፍ ሥር ቆመን እናነበዋለን፤ ተማሪዎቼ ይገለብጡታል። ወይራውን፣ ዋንዛውንም ማንም አይነካብዎትም። የፈረንጅ ጥዱ ግን መነሣት አለበት ብዬ አሁንም አምናለሁ፤ እሱ እንደ ባሕር ዛፍ ከጉቶው አያቆጠቁጥም። ከመጋዘኑ ጀርባ፣ የሴቴዋ ቦታ ላይ ጥላውን የጣለው እሱ ነው።