ዓሣው በዘይት ይጠበስ ወይስ በነፋስ?

ነገሩ የተጀመረው ሀዋሳ አቶቴ አካባቢ፣ አንድ የኪራይ ግቢ ውስጥ ነው። የሁለት ልጆች እናት የሆነች ተከራይ ኤር ፍራየር ገዛች። ጎረቤቷ ደግሞ ምጣድ፣ ስቶቭና ካውያ ሲጠግኑ ዕድሜያቸውን የገፉ ሰው ናቸው። ዕቃውን አዩና «ልጄ፣ ብርሽን ነፋስ ወሰደው» አሏት። እሷም ዝም አላለችም። ሙግቱ ቡና ላይ አላልቅ ሲል በጽሑፍ አድርጉት አልናቸው። ጥያቄው ኤር ፍራየር ለቤት ኩሽና ያስፈልጋል ወይ የሚል ነው። መሳደብ አይቻልም፣ መቀላለድ ይቻላል ብለን ለቀቅናቸው።

እሷ

መጀመሪያ ስሙን እናስተካክል። «ፍራየር» ስለተባለ ሰው ሁሉ ያለ ዘይት የሚጠብስ ተአምር ይመስለዋል። ትንሽ ኦቭን ነው። ከላይ እንደ ምጣድ የሚግል ሬዚስታንስ አለው። ከሱ በላይ ፋን አለ። ፋኑ ትኩሱን አየር እየነዳ ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው ቅርጫት ውስጥ ያዞረዋል። በቃ፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ፊሊፕስ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010 በርሊን ላይ ይዞት ሲቀርብም ኦቭን ለዓለም አዲስ አልነበረም። አዲስ የሆነው ማነሱና ስሙ ነው።

ለምን ገዛሁ? በዘይት ምክንያት። በ2014 ዓ.ም. ዘይት እንዴት እንደተወደደ የረሳ ካለ እጁን ያውጣ። እኔ ለልጆቼ ድንች መጥበስ ያቆምኩት ያኔ ነው። ድንች ደህና ተደርጎ እንዲጠበስ ዘይት ሊውጠው ይገባል። ታዲያ ያ ሁሉ ዘይት ከዚያ በኋላ ምን ይሆናል? ይጠለልና ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። ነገ ይደገማል፣ ከነገ ወዲያም ይሠለሳል። ጠቁሮ ይሸታል። ግን ማን አንጀቱ ችሎ ይደፋዋል? እኔ አልደፋሁም። እውነቱን ነው የምናገረው።

አሁን ግማሽ ኪሎ ድንች በአንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት አሽቼ እከተዋለሁ። ያ ማለት 14 ግራም ገደማ ዘይት ነው። 200 ዲግሪ ላይ 20 ደቂቃ። መሃል ላይ አንዴ አውጥቼ ቅርጫቱን ነቅነቅ ማድረግ ብቻ ነው። በዚያ 20 ደቂቃ ልጆቹን አጥባለሁ። የፈላ ዘይት ግን ጥለሽኝ ሂጂ አይልም። ክንዴ ላይ ያለው ጠባሳ የመጣው ሳምቡሳ ስጠብስ በር ተንኳክቶ ዞር ባልኩበት ቅጽበት ነው።

ጋሼ የመብራቱን ነገር እንደሚያነሱ አውቃለሁ፣ ቀድሜ ልናገር። የኔ 1500 ዋት ነው። 20 ደቂቃ ቢሠራ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ሙቀቱ ሲሞላ ሬዚስታንሱ እየጠፋ ስለሚበራ እንዲያውም ከዚያ ያንሳል። የእንጀራ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ነው፤ የሳምንት እንጀራ ደግሞ በ20 ደቂቃ ተጋግሮ አያልቅም። ምጣድ ለምን ገዛችሁ ያለን ሰው ግን የለም።

እሳቸው

ምጣድማ እንጀራ ስለሚጋገርበት ነው ማንም የማይጠይቅሽ። እንጀራ በየቀኑ ይበላላ!

የኔ ሙግት ከዚሁ ይጀምራል። በሳምንት 21 ማዕድ አለ። ጠዋት ሻይ በዳቦ ወይ ፍርፍር። ምሳ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን። ማታ ከምሳ የተረፈው። ከዚህ ሁሉ ጥብስ ስንቴ ነው? ሁለቴ? ሦስቴ? ሽንኩርት በኤር ፍራየር አይቁላላም። ሽሮ አይንተከተክም። ቡና ይቆላል የሚሉ አሉ። ጭሱ ለእንግዳ የማይዞርበት ቡና እኔ ቤት ተቆላ አይባልም።

ቀጥሎ ዓሣው። ሀዋሳ ተቀምጠን ስለ ጥብስ ስንጽፍ ሐይቁ ዳር ያለውን የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደልን፣ መዝለል ነውር ነው። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲመለሱ ሂጂና እዪ። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ይጸዳል። ጎንና ጎኑ በቢላ ይተለተላል። ጨውና ሎሚ ይነካውና ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ቸስስስ! አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ ዳር ቆመው አንጀቱን ይጠብቃሉ። የተተለተለው ሥጋ እንደ ጣት ይከፋፈታል። ክንፉና ጅራቱ እንደ ቆሎ ይቆረጠማል። ከዚያ በዳጣ ነው። ዳጣው አፍንጫ ካላስነፈጠ ደግሞ ገንዘቤን መልሱ ማለት ነው።

ይህን ነው በነፋስ እንጥበሰው የምትይኝ? ከቅርጫትሽ የወጣውን ዓሣ በልቻለሁ። መጥፎ ነው አልልም፣ እግዜር ያያል። ግን የተጠበሰ ሳይሆን የተጋገረ ዓሣ ነው የበላሁት። ምክንያቱ ቀላል ነው። 180 ዲግሪ የሞቀ ኦቭን ውስጥ እጅሽን ለአፍታ ሰድደሽ ዳቦውን ነካ አድርገሽ ታወጫለሽ። 180 ዲግሪ የሞቀ ዘይት ውስጥ ጣትሽን ብትነክሪስ? ዲግሪው እኩል ነው። ዘይት ግን ሙቀቱን ከአየር በጣም ፈጥኖ ይሰጣል። ስለዚህ ቆዳው መሃሉ ሳይደርቅ ኩርሽም ይላል። ነፋሱ ቆዳውን ኩርሽም እስኪያደርገው መሃሉም አብሮ ይደርቃል። ፋኑን የፈለግሽውን ያህል አሽከርክሪው፣ ነፋስ ዘይት አይሆንም።

አሁን ወደ ሥራዬ ልምጣ። 1500 ዋትሽን ለ220 ቮልት ስናካፍለው 7 አምፔር ገደማ ነው። ምጣዱ 16 ገደማ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሠሩ 23 ይጠጋሉ። በዚህ ግቢ ሽቦው ሲዘረጋ የታሰበው ለአምፖል፣ ለቴሌቪዥንና ለአንድ ምጣድ ነበር። አንቺ ደግሞ መጀመሪያ ሰሞን የሰካሽው በኤክስቴንሽን ነው፣ ያውም የስልክ ቻርጀርና ፍሪጁ በተሰኩበት። ጠረጴዛዬ ላይ የሚመጣልኝ የተበላሸ ኤር ፍራየር አይደለም። የቀለጠ ኤክስቴንሽን ነው። ሶኬቱ ከመቅለጡ በፊት ይሞቃል። በእጅ ዳበስ ማድረግ ነጻ ነው፤ ግን ማን ይዳብሳል?

አንድ ደንበኛዬ ደግሞ እህቱ ከአሜሪካ በሻንጣ ያመጣችለትን ይዞልኝ መጣ። «ሰካሁት፣ እምቢ አለ» አለኝ። ሥሩን ገልብጬ ጽሑፉን አነበብኩ። 120 ቮልት ይላል። እኛ ጋ 220 ነው። ቮልቱ እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ሬዚስታንሱ የሚስበው ኃይል ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። ውስጡ ከሰል ሆኗል። በትራንስፎርመር ይሠራል የሚል አይጠፋም። ያን ያህል ዋት የሚችል ትራንስፎርመር ግን ክብደቱ የወፍጮ ድንጋይ ነው። የሰው ስጦታ አይናቅም፣ ሥሩ ግን ይነበባል።

እሷ

ጋሼ 21 ማዕድ ሲቆጥሩ የቆጠሩት የራስዎን ቤት ነው። የኔ ልጆች ሽሮ ሲቀርብ «ትላንትም ሽሮ ነበር» የሚሉ ናቸው።

ይኸው የኔን ሳምንት ልቁጠርልዎት። ያደረ ዳቦ ውኃ እረጭ አድርጌበት ሦስት ደቂቃ አስገባዋለሁ፣ ዛሬ የወጣ ይመስላል። ስኳር ድንች ከነልጣጩ 40 ደቂቃ፣ ሲወጣ ማር ነው። ቀይ ሥር እንደዚሁ። ሁዳዴ 55 ቀን ሙሉ የምስር ሳምቡሳ በላያችን ላይ ዘይት ሳንደፋ በላን። ላዩን በብሩሽ ዘይት ቀባ አድርጎ 180 ዲግሪ ላይ 12 ደቂቃ ነው። በዘይት የተጠበሰውን ሳምቡሳ ያህላል? አያህልም። ከበላሁት በኋላ ግን ጨጓራዬ አይጠራኝም።

ያልሆነልኝን አልደብቅም። የፓስቲ ሊጥ በቀዳዳው ተንጠባጥቦ ሥሩ ላይ ጋገረ። ቦንቦሊኖም ጠንካራ ዳቦ ሆኖ ወጣ። እነዚህ ዘይት ይፈልጋሉ፣ አለቀ። የሥጋ ጥብስም መረቁን አጥቶ ቋንጣ ሊሆን ምንም አልቀረው።

የድርቆሹንማ ጋሼ ከሚያነሱት ራሴ ላንሳው። የተረፈ እንጀራ ቆራርጬ ላደርቅ አስገባሁ። እንጀራው ሲደርቅ ቀለለ። ፋኑ አንስቶ ሬዚስታንሱ ላይ ለጠፈው። ቤቱ በጭስ ታፈነ፣ ልጆቹ እየሳሉ በረንዳ ወጡ። ሮጠው መጥተው ከሶኬቱ የነቀሉልኝ እርስዎ ነዎት። ያን ቀን አልሳቁብኝም፣ ዛሬም እንዳይስቁብኝ። ነፋስ የሚያነሳውን ቀላል ነገር ሁሉ ከላይ የሽቦ መደርደሪያ ካልተጫነው አታስገቡ። ይህን መመሪያው ላይ አላየሁትም፣ ጭሱ ነው ያስተማረኝ።

ስለ አሞራ ገደሉ ዓሣ እጅ ሰጥቻለሁ። ግን በየቀኑ አሞራ ገደል አንሄድም። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ዓሣ በዘይት የጠበሰ ሰው ያውቀዋል፣ ሽታው መጋረጃው ላይ ሦስት ቀን ያድራል። እኔ የዓሣ ፊሌቶ ዘይት ቀብቼ 200 ዲግሪ ላይ 10 ደቂቃ አደርገዋለሁ። ስሙን የተጋገረ ይበሉት። ልጆቼ ጠግበው ይተኛሉ።

ኤክስቴንሽኑን ትቻለሁ። አሁን ቀጥታ ግድግዳው ላይ ነው የምሰካው፣ ምጣድ በማይሠራበት ሰዓት።

እሳቸው

ስለ ጤና አላነሳሽም፣ ተመስገን። ሻጮቹ ግን ሌላ ነገር አያወሩም። ዘይቱ መቀነሱ እውነት ነው፣ አልከራከርም። ግን ድንች በዘይትም ተጠበሰ በነፋስ፣ ከ120 ዲግሪ በላይ ሲገረፍ አክሪላማይድ የሚባል ለጤና የሚያሰጋ ነገር ይፈጠርበታል። የስዊድን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ምግብ ውስጥ መኖሩን ይፋ ያደረጉት ነው። ሲጠቁር ይብሳል። ስለዚህ «ያለ ዘይት ነው» ብለሽ እስኪከስል አትተዪው። ድንቹን ቆርጠሽ ግማሽ ሰዓት ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈሽ፣ አድርቀሽ አስገቢ። ወርቅ ሲመስል አውጪ። ይህ ምክር በነጻ ነው።

ቅርጫቱንም በብረት ማንኪያ ስትፍቂ አይቻለሁ። ያ ጥቁሩ ቅብ ከተላጠ አይመለስም። እኔ ሬዚስታንስ እቀይራለሁ፣ ቅብ አልቀባም።

እውነተኛው ፍርሃቴ ግን ሌላ ነው። አንቺ ከገዛሽ ወዲህ በዚህ ግቢ ሦስት ቤት ሊገዛ ተነስቷል። የቆጣሪውን ካርድ በጋራ ነው የምንሞላው። አራት ኤር ፍራየር አንድ ላይ ሲሠራ 6000 ዋት ነው። ምጣዱ ሲጨመር 9500። ማታ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሁሉም ከሥራ ገብቶ ልጁ ድንች ሲል፣ ምን እንደሚሆን ልንገርሽ? ብሬከሩ ይወርዳል። ደግ ከሆነ ማለቴ ነው። ደግ ካልሆነ ሽቦው ግድግዳው ውስጥ ይሞቃል፣ ማንም አያየውም። የራሱ ቆጣሪና ደህና ሽቦ ያለው፣ ሦስት አራት ሆኖ የሚኖር ቤት ይግዛ፣ አልከለክልም። አንቺ ግን እዚህ ግቢ ውስጥ የሱ ደላላ ሆነሻል።

ደግሞ ፋሲካ ዕለት ቤትሽ 12 ሰው መጣ። የዶሮ ብልቱን በስንት ዙር አወጣሽው? አራተኛው ዙር ሲወጣ የመጀመሪያው ዙር ቀዝቅዞ ነበር። መጨረሻ ላይ ማን ቤት መጥተሽ ከሰል እንደወሰድሽ አልናገርም።

እሷ

ተናግረዋል እኮ!

እሺ፣ ፋሲካን ይውሰዱ። ለእንግዳ አልተሠራም፣ ለረቡዕ ማታ ነው የተሠራው። እኔ ደግሞ በዓመት ካሉኝ ቀኖች የሚበዙት ረቡዕ ማታን ይመስላሉ። ከሥራ 12 ሰዓት እገባለሁ፣ 2 ሰዓት ልጆች ይተኛሉ። መሃል ላይ ከሰል የማቀጣጥልበት አቅም የለኝም። መብራት የሄደ ቀን ዳቦ በሻይ እንበላለን፣ ማንም አልሞተም።

የሽቦው ነገር ግን አስደንግጦኛል። ደላላ ያሉኝም እውነት ነው፣ ለሦስቱም «ግዙ» ያልኩት እኔ ነኝ። ታዲያ ለምጣዱ ተራ አለን አይደል? ሰኞና ሐሙስ የኔ ነው፣ ማንም ተጣልቶ አያውቅም። ለዚህም ተራ እናውጣለት። ግማሽ ግማሽ ሰዓት። እኔ ከ12 ሰዓት እስከ 12 ተኩል እወስዳለሁ፣ ምክንያቱም ቀድሜ የገዛሁት እኔ ነኝ። በዚህ አልደራደርም። ምጣድ የሚጋገርበት ማታ ደግሞ የማንም አይሰካም።

አንድ ነገር ግን ይቀራል። የኩሽናዬን ሶኬት ይዩልኝ ካልኩዎት ሁለት ሳምንት ሆነው። ዛሬ ስዳብሰው ሞቋል። ማታ ቴስተርዎን ይዘው ይምጡ። ቆሮሶ ገዝቻለሁ፣ ተተልትሎ ጨውና ሎሚ ገብቶበታል። ዘይቱንም አውጥቻለሁ፣ አይሥጉ። ዳጣው ግን ከእርስዎ ቤት ነው።