የሞግዚት ጆሮ

ስዊድን፣ ጎተንበርግ ውስጥ የምሠራበት መዋዕለ ሕፃናት ግድግዳ ላይ የጆሮ ቅርጽ ያለው መብራት ተሰቅሏል። ክፍሉ ጸጥ ሲል አረንጓዴ፣ ሞቅ ሲል ቢጫ፣ ልጆቹ ሲያብዱ ደግሞ ቀይ ይበራል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ሳቄ መጣ። የልጅ ድምፅም ይለካል እንዴ? እኛ አገር የሚያሳስበው ልጅ የማይጮህበት ቤት ነው። (ልጆቹ ግን ቶሎ ነቅተውበታል። ቀዩን ማን ያበራል ብለው ይፎካከራሉ።)

ሳቁ ያለፈልኝ በመጀመሪያው ክረምት ነው። ጥር ላይ ልጆቹን ወደ ደጅ ለማውጣት ሁሉንም በአንዲት ጠባብ ኮሪደር ውስጥ ቱታ፣ ቡትስ፣ ኮፍያና ጓንት ማልበስ አለብሽ። አንዱ ጓንቱ ጠፍቶት ያለቅሳል፣ አንዷ ቱታው ሞቋት ትጮኻለች። አንቺ በርከክ ብለሽ ዚፕ ስትዘጊ የልጁ አፍ ከጆሮሽ አንድ ስንዝር አይርቅም። የሕፃን ለቅሶ ጆሮ ሥር ሲሆን ከ100 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ሊያልፍ ይችላል። እዚህ አገር ለስምንት ሰዓት ሥራ የተፈቀደው አማካይ 85 ነው። ከ80 ካለፈ አሠሪው የጆሮ መከላከያ ማቅረብ አለበት። ዴሲቤል ደግሞ እንደ ኪሎ አይቆጠርም። 3 በጨመረ ቁጥር የድምፁ ጉልበት እጥፍ ስለሚሆን፣ በ85 ስምንት ሰዓት የሚቆይ ሰው በ88 አራት ሰዓት፣ በ100 ሩብ ሰዓት ብቻ ነው ያለው።

ስዊድኖቹ የሚችሉትን ያህል ሞክረዋል። የወንበሩ እግር ሥር ጨርቅ ተለጥፏል፣ ጠረጴዛው ድምፅ በሚውጥ ነገር ተሸፍኗል፣ ጣሪያውም እንደዚያው። ቢሆንም ማታ ቤቴ ስገባ ጆሮዬ ጭው ይላል። ባለቤቴ ማንኪያ ሲያስቀምጥ እደነግጣለሁ። የልደት ግብዣ ላይ ሙዚቃው ከፍ ሲል ሰበብ ፈልጌ እወጣለሁ። የአገሬ ልጆች «ፈረንጅ ሆነች» ይሉኛል። የጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመዋዕለ ሕፃናት መምህራትን ሲጠይቁ ከአሥሩ ሰባቱ ጆሯቸው በድምፅ እንደሚዝል ተናግረዋል። እፎይ አልኩ። ቢያንስ አብጄ አይደለም።

ባለፈው መስከረም አዲስ አበባ ሄጄ ጀሞ ኮንዶሚኒየም እህቴ ቤት አረፍኩ። መንታ ልጆች አሏት። ሞግዚቷ አንዱን አዝላ ሌላውን ታቅፋ ነው የምትውለው። የጀርባው ማጅራቷ ላይ፣ የታቀፈችው ጉንጯ ሥር ያለቅሳል። ክፍሏ ባዶ ግድግዳና ሴራሚክ ወለል ነው፤ ጩኸቱ ተመልሶ ይመጣል። ኮሪደሬን አስታወሰችኝ። ልዩነቱ እኔ አሥር ሰዓት ላይ ወጥቼ እሄዳለሁ፣ እሷ ግን ሌሊትም እዚያው ናት።

እህቴ ከማድ ቤት ስትጠራት ልጅቷ ሁለት ሦስት ጊዜ «አቤት? ምን አልሽኝ እትዬ?» ትላለች። እህቴ «ቀልብ የላትም፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው» ትላለች። ቀልቧ ይሁን ጆሮዋ ማንም ጠይቆ አያውቅም። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ውስጥ የሕፃናት ማቆያ እየተከፈተ ነው፤ የ2010ሩ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ስላዘዘ። ጥሩ ነው፤ ልጅና እናት ታስበዋል። የቤት ሞግዚት ግን 1156/2011 በተባለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ውስጥ እንኳ የለችም። ስለ ጆሮዋ ማን ያወራል?

እህቴን አንድ ቀን ስልኬ ላይ የድምፅ መለኪያ ከፍቼ አሳየኋት። ስልክ ትክክለኛ መለኪያ አይደለም፣ ግን ቁጥሩ ሲወጣ ዓይኗ ፈጠጠ። ምንጣፍ ገዛች፣ ወፍራም መጋረጃም ሰቀለች። እሁድ እሁድ ልጅቷ እንድታርፍ ልጆቹን ራሷ ይዛ ትወጣለች። «ራሴን አመመኝ» እያለች ትመለሳለች።

ልመለስ ስል ለልጅቷ ከሻንጣዬ የጆሮ መድፈኛ ሰጠኋት። አገላበጠችና ሳቀች።

«ታዲያ ልጆቹ ሲያለቅሱ በምን እሰማለሁ?»

እኔም ለአለቃዬ ያልኩት ይሄንኑ ነበር። ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ ይቀንሳል እንጂ፣ አልኳት። ገባኝ አለች መሰለኝ። ኪሷ ከተተችው።

«ለሚኒባስ ይሆነኛል» አለችኝ፤ «ሹፌሮቹ ሙዚቃ ሲለቁ አይጣል ነው።»