ለሁለተኛ ዲግሪ የምትሯሯጡ የጎጃም ልጆች፣ አንዴ ስሙኝ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ከእናንተው አንዱ ስለሆንኩ እኔ ብናገራችሁ ይሻላል። ሌላ ሰው ቢናገራችሁ ይከፋኛል።

ሰሞኑን አንድ የአገሬ ልጅ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ኢንቫይሮመንታል ሳይንስ ይሻለኛል ወይስ ክላይሜት ቼንጅ?» አለኝ። «ምን ልታጠና አስበህ ነው?» አልኩት። ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ «የትኛው ቶሎ ያልቃል?» ብሎ ጠየቀኝ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ውጤቱም ጥሩ ነው። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝም እሱ ብቻ አይደለም። ከደብረ ማርቆስም፣ ከቢቸናም፣ ከዳንግላም ይህንኑ ሰምቻለሁ።

ለደረጃ እድገት ብሎ መማር ነውር የለበትም። ደመወዙ ወር አያደርስም፤ ቤተሰብ አለ፤ አውቃለሁ። የሚያስቆጣኝ ሌላ ነው። ጥያቄ ሳይኖረን ፕሮግራም እንመርጣለን። ስሙ ደስ ካለን እንመዘገባለን። ከዚያ የምናጠናውን ርዕስ ስንፈልግ እንከርማለን።

ትምህርት እንዴት እንደሚመረጥ ለጎጃም ሰው መንገር ያሳፍራል። አያቶቻችን ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ቅኔ ሲማሩ፣ መጀመሪያ የሚጠይቁት መምህሩን ነበር። «የኔታ ማን ዘንድ ተማሩ? ቤታቸው ዋሸራ ነው ወይስ ጎንጅ?» ይላሉ። ዋሸራም ጎንጅም እዚሁ ጎጃም ናቸው፤ የቅኔ መንገዳቸው ግን ይለያያል። ተማሪው ይህን ያውቃል። ለሚወደው ቤት ሲል ቆላ ወርዶ፣ ወንዝ ተሻግሮ ይሄዳል። የዛሬው ተመራቂ ግን አማካሪው ምን ላይ እንደሚሠራ ሳያውቅ አንድ ዓመት ይጨርሳል።

ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። አፈር ላጠና ብዬ በስሙ ብቻ የመረጥኩት ፕሮግራም ውስጥ በአፈር ላይ የሚሠራ መምህር አልነበረም። ላብራቶሪውም ኬሚካል የለውም ተብሎ ተቆልፏል። ርዕስ ቀይሬ ጨረስኩ። አንድ ዓመት ሄደብኝ፤ ያ ጥያቄዬም እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ከመመዝገቤ በፊት አንድ መምህር ብጠይቅ ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር።

እስቲ አገራችሁን እዩ።

አጎቴ ስናን ወረዳ፣ ከጮቄ ተራራ ሥር ገበሬ ነው። ገብሱ ድሮ የሚሰጠውን አይሰጥም። ማዳበሪያ ይጨምራል፤ ለውጥ የለም። «መሬቱ ደከመ» ይላል። መሬቱ ግን ደክሞ ብቻ አይደለም፤ ኮምጥጧል። ብዙ ዝናብ በሚጥልበት ደጋ ካልሲየሙና ማግኒዚየሙ እየታጠበ ይሄዳል። እህሉም ገለባውም ከማሳው ሲነሣ የቀረውን ይዞ ይነሣል። አፈሩ አሲዳማ ሲሆን አሉሚኒየም ይሟሟና የሰብሉን ሥር ይጎዳል፤ ፎስፈረሱንም አስሮ ይይዘዋል። አጎቴ በውድ የገዛው ማዳበሪያ አፈሩ ውስጥ አለ፤ ገብሱ ግን አያገኘውም። ዩሪያ በየዓመቱ ሲደጋገም ደግሞ ራሱ ያባብሰዋል።

መድኃኒቱ ኖራ ነው። ኖራ ግን ለአንድ ሄክታር ብዙ ኩንታል ይፈልጋል፤ መንገድ በሌለበት ቀበሌ በአህያ ጭኖ መጨረስ ከባድ ነው። ታዲያ ለየትኛው ማሳ ስንት ይበቃል? በየስንት ዓመቱ ይደገም? ተበትኖ ከሚቀር በመስመር ከዘሩ ጋር ቢገባስ? ከፍግ ጋር ቢደባለቅስ? አሲድ የሚችሉት ግብጦና ድንች በፈረቃ ቢዘሩስ? እዚህች አንዲት ማሳ ላይ ብቻ የአሥር ሰው ቴሲስ አለ። እናንተ ግን ርዕስ አጣን ትላላችሁ።

አንጀኒንስ ስንቶቻችሁ ታውቋታላችሁ? ከደምበጫ ብዙ ሳትርቅ ያለች፣ 113 ሄክታር ገደማ የምትሆን ትንሽ ተፋሰስ ናት። በ1976 ዓ.ም. ግብርና ሚኒስቴር ከስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ እዚያ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ከፈተ። የዘነበው ዝናብ፣ የወረደው ጎርፍ፣ ጎርፉ የያዘው ደለል እየተለካ ተመዘገበ። በ1978 ዓ.ም. ማሳዎቹ ላይ ፋኛ ጁ የሚባለው እርከን ተሠራ፤ ቦዩ ተቆፍሮ አፈሩ ወደ ላይ የሚጣልበት ዓይነት ነው። እርከኑ በዓመታት እየሞላ ሲሄድ ተዳፋቱ ደረጃ ደረጃ ሆነ። በዚህች ጅረት ላይ የተለካውን ቁጥር ይዘው ስዊዘርላንድ ሆነው፣ አሜሪካ ሆነው የመመረቂያ ጽሑፍ የጻፉ አሉ። የደምበጫ ልጅ ግን በጠረጴዛው ላይ ስለ ካሊፎርኒያ ያነባል። ይህ ያንገበግበኛል።

የቀረውን ላሳጥር። ፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ዛፍ ይተክላል፤ በአራት በአምስት ዓመት ቆርጦ ያከስላል፤ መሬቱን ደግሞ ሰብል ይዘራበታል። በዚህ ኑሮው የተቃናለት ብዙ ነው። ከዚያ ዋግ የሚባል በሽታ መጣና ተክሉን ያደርቀው ጀመር። በአንድ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ኑሮ ምን ይጠብቀዋል? መራዊ ላይ ቆጋ 7,000 ሄክታር ያህል እንዲያጠጣ የተሠራ ግድብ ነው። በዙሪያው ባህር ዛፍ ይበዛል፤ የውሃውን ነገር ማን ይለካው? ጣናን ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ አድርጎ መዝግቦታል። እምቦጭን ግን መዝገብ አያስቆመውም። ከማሳና ከከተማ ወደ ሐይቁ የሚገባው ንጥረ ነገር ካልተለካ በእጅ ስንነቅል እንኖራለን። ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ሁላችንም ደስ አለን። ከጮቄ በሙጋ፣ በሱሃ፣ በጨሞጋ ወንዞች ታጥቦ የሚወርደው አፈር መንገዱ ወደዚያው ነው።

ከአገሩ ጥያቄ ተነሥቶ ሩቅ የደረሰ ሰው አታጡም። ዶክተር አለማየሁ ዋሴ በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የቀሩትን የደቡብ ጎንደር ደኖች ይዞ ሆላንድ፣ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄደ። ሁላችንም ተሳልመን የምንወጣበትን ደን እሱ ዛፍ በዛፍ ቆጥሮ፣ ዘሩ ለምን እንደማይበቅል፣ ከብት ምን እንደሚያደርገው አጥንቶ በ1999 ዓ.ም. ዶክተር ሆነበት። ከዚያም ደኖቹን በድንጋይ ካብ ማጠር ተጀመረ። ጥያቄው የደብሩ በር ላይ ነበር።

አሁን ወደ ምርጫው ልምጣ።

ኢንቫይሮመንታል ሳይንስ የሚባለው በአብዛኛው ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይፈልጋል። ውሃ፣ አፈር፣ አየር መርምሮ መናገር ነው ሥራው። ባህር ዳርና ቡሬ ፋብሪካ ሲበዛ ፍሳሹን ለክቶ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ግምገማውን ከሌላ ሰነድ ገልብጦ ሳይሆን ቦታው ላይ ሄዶ የሚሠራ ባለሙያ ነው የቸገረን። ላብራቶሪ የምትጠሉ ከሆነ ግን አትግቡበት።

የግብርና ምሩቅ ለተፋሰስና ለተፈጥሮ ሀብት አያያዝ ይቀርባል። ሃይድሮሊክስ ወይም ሲቪል የተማረ ወደ ሃይድሮሎጂና ወደ ደለል ጥናት ቢሄድ መሠረት አለው። ኢኮኖሚክስ የተማራችሁ፣ ይህ የኛ አይደለም አትበሉ። ኖራው ለአጎቴ ያዋጣዋል ወይ የሚለውን የምትመልሱት እናንተ ናችሁ። «ዘላቂ ልማት» ወይም «ሰስቴነቢሊቲ» የሚል ስም ሲያጋጥማችሁ ደግሞ የኮርሱን ዝርዝር እስከ ታች አንብቡ። ስሙ ሰፊ ነው። ውስጡ ፖሊሲ ሊሆን ይችላል፤ ኢነርጂ ሊሆን ይችላል፤ የድርጅት አስተዳደርም ሊሆን ይችላል።

ጂኦግራፊ የተማራችሁ ብዙ ናችሁ፤ ሥራ ያጣችሁም ብዙ ናችሁ። ጂአይኤስና ሪሞት ሴንሲንግ፣ ማለትም የኮምፒውተር ካርታና የሳተላይት ምስል ሥራ፣ በደንብ ያዙ። የላንድሳት ሳተላይት ምስል ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው በነፃ ይወርዳል። ሴንቲነል 2 ደግሞ ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ በ10 ሜትር ጥራት ያሳያችኋል። ማሳ መውጣት በሚያስፈራበት በዚህ ክፉ ጊዜ፣ ኔትወርክ በተገኘባት ቀን ያወረዳችሁት ምስል ወራት ያሠራችኋል። ሰላሙ ሲመጣ ደግሞ መሬት ላይ ሄዳችሁ ታረጋግጣላችሁ።

የት? ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዘንዘልማ ላይ የግብርናና የአካባቢ ሳይንስ ኮሌጅ አለው። ውሃም፣ የመሬት አስተዳደርም፣ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራርም እዚያው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አለ። ደብረ ማርቆስና እንጅባራም አሉ። ቅርብ ናቸው ብላችሁ አትናቋቸው፤ ቅርብ ስለሆኑ ብቻም አትግቡ። ለደን ከሆነ ወንዶ ገነትን ጠይቁ። ለውሃ ከሆነ አርባ ምንጭን ጠይቁ፤ ሲጀመርም የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ የተቋቋመ ነው። አዲስ አበባና ሐሮማያም አሉላችሁ። የትም ብትሄዱ፣ ከመመዝገባችሁ በፊት የሁለት መምህራንን ጽሑፍ አንብባችሁ ኢሜይል ጻፉላቸው። መልስ ካልመጣ ሄዳችሁ ቢሯቸውን አንኳኩ። የመግቢያ ፈተናውንም ሳምንት ሲቀረው አትጀምሩት።

ውጭ አገር ለምታስቡ አንድ ነገር አጥብቄ ልንገራችሁ። ለደላላ ገንዘብ አትክፈሉ። የጀርመኑ የነፃ ትምህርት ዕድል ዳድ፣ የአውሮፓው ኢራስመስ ሙንዱስ፣ አልጄሪያ ትለምሰን ያለው የፓን አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ የውሃና የኢነርጂ ተቋም፣ ሁሉም በራሳችሁ የሚሞሉ ማመልከቻዎች ናቸው። የዳድ የልማት ኮርሶች የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃሉ፤ የመጨረሻው ዲግሪም በአብዛኛው ከስድስት ዓመት ያልበለጠ እንዲሆን ይፈልጋሉ። ስለዚህ ወረዳ ላይ ባለሙያ ሆናችሁ የምትሠሩት ሁለት ዓመት የባከነ ዕድሜ አይደለም። በደብዳቤያችሁም «ከልጅነቴ ጀምሮ ተፈጥሮን እወዳለሁ» ብላችሁ አትጀምሩ። የትኛውን ተዳፋት፣ የትኛውን ወንዝ እንደምታውቁ ጻፉ። እንደሱ የሚጽፍ አመልካች እዚያ ብዙ አይደርሳቸውም።

አሁን የሚያመኝን ልናገር። ቴሲስ የምታስጽፉ ሰዎች፣ ለእናንተ ነው።

በየከተማው የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ «ሪሰርች እንሠራለን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሰዉ ቁም ነገር ብሎ ይደውላል። ማሳ ላይ ሳይደረስ የአፈር መረጃ ይፈበረካል። ገበሬ ሳይጠየቅ መጠይቅ ይሞላል። ከዚያ ያ ወረቀት ዩኒቨርሲቲ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። የሚቀጥለው ተማሪ ይጠቅሰዋል። አንድ ቀን አንድ የወረዳ ባለሙያ አንብቦት፣ ለእውነተኛ ማሳ እውነተኛ የኖራ መጠን ያዛል። ገበሬው ልጁን ትምህርት ቤት ሊያስገባበት የነበረውን ብር ለዚያ ያወጣል። ይህ የአንድ ወረቀት ጉዳይ አይደለም፤ የሰው እንጀራ ነው። የቅኔ ተማሪ የሌላውን ቅኔ የእኔ ነው ብሎ ቢዘርፍ ጉባኤው ፊት መቆም አይችልም ነበር። እኛ ግን ፎቶ ተነሥተን፣ ጋዋን ለብሰን፣ ድግስ እንደግሳለን። እፈሩ።

ወላጆችም አትቆጡኝ፤ ለእናንተም አለኝ። ልጃችሁ «ስለ አፈር ልማር» ሲል «አፈርማ እኛ ዘንድ ሞልቷል» አትበሉት። ሴት ልጃችሁ ማሳ ለማሳ ዞራ ናሙና ስትሰበስብ «ምን ይሉናል» አትበሏት። ዶክተርና ኢንጂነር ብቻ ልጅ አድርጋችሁ አትቁጠሩ። የምታርሱት መሬት ባለሙያ ካላገኘ እነዚያንም የምታስተምሩበት አይኖራችሁም።

ተምራችሁ የጨረሳችሁት፣ በእናንተ ነው የምቋጨው። ገበሬውን ሥራ አስፈትታችሁ፣ ጠላውን ጠጥታችሁ፣ «ስንት ጥማድ አለህ? ስንት በግ አለህ?» ብላችሁ ጠይቃችሁት ሄዳችሁ። ውጤቱን መልሳችሁ የነገራችሁት ስንቶቻችሁ ናችሁ? አንድ ገጽ በአማርኛ ጽፎ ለቀበሌው የልማት ጣቢያ መስጠት ምን ይከብዳል? ቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ቆሞ አምስት ደቂቃ መናገር ምን ይከብዳል?

አጎቴ ማሳ ላይ ሦስት ጊዜ ተማሪ መጥቶ አፈር ወስዷል። መጨረሻ የመጣችው ልጅ ስልክ ቁጥሩን ደብተሯ ላይ ጽፋ፣ «ውጤቱ ሲወጣ እደውልልዎታለሁ» ብላው ነበር። ሁለት ክረምት አለፈ። እህቴ፣ ይህን የምታነቢ ከሆነ ደውዪለት። ቁጥሩን አልቀየረም።