የጣና ነጎድጓድ ሌሊት ነው፤ ትንበያው ግን ሰዓት አያውቅም

የዘንድሮው የክረምት ትንበያ በወጣ ሰሞን አንድ የሥራ ኃላፊ ባሕር ዳር ላይ ለሬዲዮ የሰጡት መልስ ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ጋዜጠኛው ጣና ላይ ስለሚደርሰው የመብረቅና የማዕበል አደጋ ጠየቃቸው። እሳቸውም ከሰኔ እስከ መስከረም ሙቀቱም ነጎድጓዳማ ዝናቡም ከመደበኛው ሊበልጥ እንደሚችል አስቀድሞ መነገሩን፣ መረጃውም እስከ ቀበሌ መውረዱን ገለጹና ከዚህ በኋላ ጥንቃቄው የኅብረተሰቡ ድርሻ ነው ብለው ዘጉት። እጅ መታጠብ ይሏል ይኼ ነው።

እስኪ ለኅብረተሰቡ ተነገረው የተባለውን እንየው። ወቅታዊ ትንበያ ሲሠራ ያለፉት 30 ዓመታት የዝናብ መጠን ከትንሹ ወደ ትልቁ ተደርድሮ ሦስት ቦታ ይከፈላል፤ አሥሩ ከመደበኛ በታች፣ አሥሩ መደበኛ፣ አሥሩ ከመደበኛ በላይ። ምንም ፍንጭ ከሌለ ለእያንዳንዱ 33 በመቶ ይደርሰዋል። ካርታው ላይ አንድ አካባቢ «ከመደበኛ በላይ» ተብሎ ሲቀባ ከጀርባው ያለው ቁጥር 45 በመቶ ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ 55 በመቶው ዕድል ሌላ ነገር ይላል ማለት ነው። ይህ ቁጥር በቀበሌ ስብሰባ ተነበበ? አልተነበበም። የወረደው «ዝናቡ ይበዛል» የሚለው ብቻ ነው።

ሙቀቱንማ ተዉት። ባሕር ዳር የሚሞቀው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ ሐምሌ ላይ ጋቢ እንደርባለን። በ«ሙቀት» ቀለም የተቀባው ካርታ ቆላውን መተማን ጣና ላይ ካለው ደቅ ደሴት ጋር አንድ አድርጎ ያየ ነው።

ትንበያው ለማንም አይጠቅምም አልልም። ፎገራ ላይ ሩዝ የሚዘራ ሰው የወቅቱ ጠቅላላ ዝናብ ይበዛል ወይስ ያንሳል የሚለውን ቢያውቅ ይጠቀማል። መብረቅ ግን በወቅት አይመታም። በሰዓት ነው የሚመታው። የጣናን ሰዓት ደግሞ ከባሕር ዳር ቢሮዎች በቀር የማያውቀው የለም።

ቀን ፀሐይ ምድሩን ታሞቃለች፤ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ የብስ ይነፍሳል፤ ደመናው በጉና፣ በጮቄና በዙሪያው ባሉት ተራሮች ወገብ ላይ ይከመራል። ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ነጎድጓዱ እዚያ ነው። ሐይቁ ላይ ግን በዚያው ሰዓት ሰማዩ ብዙ ጊዜ ክፍት ነው። ሲመሽ ነገሩ ይገለበጣል። የየብሱ አየር ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ከተራሮቹ ላይ እየተንሸራተተ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ውሃው ግን የቀኑን ሙቀት ቶሎ አይለቅም፤ በላዩ ያለው አየር ሞቃትና እርጥብ እንደሆነ ይቆያል። ከሰሜን፣ ከምሥራቅ፣ ከደቡብ የወረደው ቀዝቃዛ አየር ሐይቁ ላይ ይገናኝና ያንን እርጥብ አየር ከሥሩ ገብቶ ሽቅብ ይገፋዋል። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ፣ አንዳንዴም ከእኩለ ሌሊት በኋላ ጣና የራሱን ነጎድጓድ ይወልዳል። በዙሪያው የተኛው ሰው ጠዋት ተነሥቶ ጭቃ ያያል፤ ባሕር ዳር የክረምት ዝናቧን ብዙውን ሌሊት የምትጠጣው በዚህ ምክንያት ነው። ሙቀት ከመደበኛ በላይ ይሆናል ከተባለም ለእኛ ፍቺው የቀን ላብ አይደለም፤ የሞቀ ውሃ ማለት ለሌሊቱ ነጎድጓድ ተጨማሪ ስንቅ ማለት ነው።

አሁን ታንኳ ቀዛፊውን አስቡት። መረቡን አመሻሽ ላይ ይጥላል፣ ጎህ ሳይቀድ ሄዶ ያነሣል። የሥራው ሰዓትና የነጎድጓዱ ሰዓት አንድ ናቸው። ታንኳው የተሠራበት ደንገል ውሃ እየጠጣ የሚከብድ ተክል ነው፤ ከሥራ መልስ ተጎትቶ ወጥቶ፣ ቆሞ ካልደረቀ በማግሥቱ አይንሳፈፍለትም። በዚያ ዝርግ ውሃ ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ነገር የሰውየው ጭንቅላትና መቅዘፊያው ነው። ሐይቁም ጥልቀት የለውም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር አይሞላም። ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲመታው የሚያነሣው ማዕበል አጭርና ቀጥ ያለ፣ በላይ በላዩ የሚደራረብ ነው። ታንኳ የሚገለብጠው እንዲህ ያለው ነው።

«ብልጭታ ስታዩ ቁጠሩ» የሚለው ምክር እዚህ ጋ ይወድቃል። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ በብልጭታውና በጉርምርምታው መካከል 30 ሰከንድ ከቆጠርክ መብረቁ 10 ኪሎ ሜትር ላይ ነው፣ ቤት ግባ፣ የመጨረሻው ጉርምርምታ ካለፈ በኋላም 30 ደቂቃ ቆይ። ለከተማ ሰው ጥሩ ነው፤ ቤቱ ሃያ እርምጃ ላይ ነው። ታንኳስ? በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚገሰግስ ደመና 10 ኪሎ ሜትሩን በ20 ደቂቃ ይጨርሳል። በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር የሚቀዘፍ ታንኳ በዚያው 20 ደቂቃ የሚሄደው አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ያውም ነፋሱ ከዝናቡ ቀድሞ ስለሚደርስ 20ውም ደቂቃ የለውም። መረቡ ከዳር ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ ከሆነ ሒሳቡ አለቀ። ይህ ሰው ነጎድጓዱን ሰምቶ ሊያመልጥ አይችልም፤ ሊያድነው የሚችለው ከመውጣቱ በፊት፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የሚደርሰው ቃል ብቻ ነው። «ጥንቃቄው የኅብረተሰቡ ድርሻ ነው» የሚለው ንግግር በዚህ ሒሳብ ፊት ቢቆም ያፍራል።

መሣሪያ የለንም የሚለው ሰበብ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ውሃ የማይቋጥር ነው። የአውሮፓ የሚቲዎሮሎጂ ሳተላይቶች አፍሪካን በየ15 ደቂቃው ሲያነሡ ዓመታት ተቆጥረዋል። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የመጠቀው አዲሱ ሳተላይት መብረቅን ራሱን ከላይ ሆኖ የሚመለከት መሣሪያ ተሸክሟል። የጣና ደመና ሲያብጥ ከጠፈር ይታያል። የጠፋው ማታ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ አይቶ ስልክ የሚያነሣ ሰው ነው። መሥሪያ ቤት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል፤ ነጎድጓዱ ደግሞ የሥራ ሰዓት አያከብርም።

የብስ ላይም ቢሆን ሥራው አልተሠራም። መብረቅ መከላከያ ተተክሏል የሚባልባቸውን ትምህርት ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናት ጠጋ ብላችሁ እዩ። ጫፉ ላይ ሹል ብረት አለ፤ ወደ ታች የሚወርደው ሽቦ ግን ሰው እጅ የሚደርስበት ቦታ ላይ ተቆርጧል፣ መዳብ ይሸጣላ። ወይም ሽቦው ጣሪያው ጠርዝ ላይ እንደ ክርን ታጥፏል፤ መብረቅ ሹል እጥፋት አይወድም፣ ዘልሎ ወደ ግድግዳው ይገባል። ቢያንስ 50 ሚሊ ሜትር ካሬ ውፍረት ያለው ሽቦ፣ በሁለት በኩል የሚወርድ፣ የመሬት መቋቋሙ፣ ማለትም መብረቁ ወደ አፈር ሲገባ የሚገጥመው የኤሌክትሪክ እንቅፋት፣ ከ10 ኦም ያልበለጠ መሆን አለበት። ስርቆት ከተፈራ ዚንክ የተቀባ ብረትም ይሠራል። ከሁሉ የሚገርመው ግን የዚህ መቋቋም ልኬት ነው። ነሐሴ ላይ መሬቱ ጠጥቶ ሳለ ይለካና «ጥሩ ነው» ተብሎ ይፈረማል። የፎገራ ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ የተቀበረው ብረት ዙሪያውን ይላቀቃል፤ ግንቦት ላይ የመጀመሪያው ነጎድጓድ ሲመጣ መሬት አልነካም ማለት ነው። መለካት ያለበት ሚያዝያ ላይ፣ መሬቱ ክፉኛ በደረቀበት ወቅት ነው። ይህን ለማወቅ ትንበያም ሳተላይትም አያስፈልግም።

ሕዝቡ ቢነገረውም አይሰማም ይሉናል። ተነግሮት ያውቃል? በግዕዝ ፊደል የሚጻፍ አንድ የስልክ አጭር መልእክት 70 ፊደል ይይዛል። «ዛሬ ሌሊት ከ4 እስከ 10 ሰዓት ጣና ላይ ነጎድጓድና ነፋስ አለ። ታንኳ አይውጣ።» ይህ ከነክፍት ቦታው 51 ነው። ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ በእጅ ስልክ ይደርሳል። ዘጌ፣ ደቅ፣ ቁንዝላ፣ ደልጊ፣ ጎርጎራ፣ ለእያንዳንዱ ወደብ አንድ ሰው ቢመዘገብ፣ ስልክ ለሌለው እሱ ይነግራል። ሦስት ጊዜ ተነግሮ አንዱን ጊዜ ነጎድጓዱ ሳይመጣ ቢቀር እንኳ ዓሣ አጥማጁ የሚያጣው የአንድ ሌሊት መረብ ነው። ለጥቅል ቅናሽ በቀን ሁለት ሦስቴ የሚንጫረር ስልክ ለዚህ አንድ ጊዜ ቢጮህ የሚከለክለው የለም፤ ከሰኔ መጀመሪያ አንሥቶ በየቀኑ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ይላክ፣ ነጎድጓድ በሌለበት ቀንም «የለም» ይበል፣ ላኪው ማን እንደሆነም ስሙ ይታወቅ።