ማስተካከያ፦ ስለ ብሪዢት ፎንቴን ሸክላ

ባለፈው እንደገና በሸክላ ስለታተመው የፈረንሳዊቷ ዘፋኝ የብሪዢት ፎንቴን «ኮም አ ላ ራዲዮ» አልበም ስጽፍ ሁለት ቦታ ተሳስቻለሁ። አብሯት የሠራው ሙዚቀኛ አረስኪ ቤልካሴም አልጄሪያ ተወለደ ብዬ ነበር። አይደለም። ቤተሰቦቹ ናቸው የአልጄሪያ ሰዎች፤ እሱ የተወለደው እዚያው ፈረንሳይ፣ ቬርሳይ ነው።

ሁለተኛው ይብሳል። ዜማውን የደረሱት የአርት አንሳምብል ኦፍ ቺካጎ ጃዘኞች ናቸው ብዬ ጽፌያለሁ። እነሱ በ1969 እ.ኤ.አ. ፓሪስ መጥተው ስለነበር አብረው ተጫወቱ፣ ድምፁንም በጣም ቀይረውታል፤ የአልበሙን ስም የያዘው ዘፈን ዜማ ግን የአረስኪ ነው፣ ግጥሙ ደግሞ የእሷ። ይህን መዝለል ሰውየውን መበደል ነው፣ በተለይ በዚያ ሙዚቃ ውስጥ ያለው የሰሜን አፍሪካ ቃና ከእሱ የመጣ ሆኖ ሳለ።

ትናንት ማታ ሸክላውን እንደገና ሰማሁት። በዚያው የአልበሙን ስም በያዘው ዘፈን ላይ ከቺካጎዎቹ አንዱ የሆነው የማላካይ ፌቨርስ ቤዝ አንዲት አጭር ሐረግ እየደጋገመ ይሄዳል፣ እሷ ግማሹን እያወራች ግማሹን እያዜመች ትገባለች፣ ጥሩምባው ከጎን ይመልስላታል፣ እና ይሄ ሁሉ ስምንት ደቂቃ ገደማ ይቆያል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳተመው የፒዬር ባሩ ሸክላ አሳታሚ ድርጅት ሳራቫ ነው፤ እሱን በትክክል ጽፌዋለሁ። በስህተቱ ያሳሳትኳችሁን ሁሉ ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ።